ፈተና ወድቆ፣ ሥራ አጥቶ፣ ጀልባ ላይ የሞተው የቻይና ታላቅ ገጣሚ

በ2012 የቻይና ተማሪዎች ከ1,300 ዓመት በፊት በተወለደ አንድ ሰው ላይ ሲቀልዱ ከረሙ። በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሩቅ የሚያይ፣ ፊቱ የተከዘ የአንድ ገጣሚ ሥዕል አለ። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ አነሱና አንዱ ሞተር ሳይክል ላይ አስቀመጠው፣ ሌላው መትረየስ አስያዘው፣ ሌላው ኳስ አጫወተው። ፎቶዎቹ ሶሻል ሚዲያ ላይ ተለቀቁና አገር ምድሩን አዳረሱ። ለቀልዱም ስም ወጣለት፤ ዱ ፉ ሥራ በዝቶበታል ተባለ።

የሚገርመው ግን እውነተኛው ዱ ፉ ዕድሜውን የጨረሰው ሥራ ሲፈልግ ነው።

ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ይዘንላችሁ መጥተናል። ቻይናውያን የግጥም ጠቢብ ይሉታል። ግጥሞቹንም እንደ ታሪክ መዝገብ ነው የሚያዩአቸው። ከ1,400 በላይ ግጥሞቹ እስከ ዛሬ ድረስ አሉ። በሕይወት እያለ ግን እንዲህ ያለ ክብር አላየም። ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ልጁ በረሃብ ሞቶበታል። በጦርነት ተይዟል፣ ተሰድዷል፣ የቤቱን ጣሪያ ንፋስ ወስዶበታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የአንድ ትልቅ ሕዝብ ታላቅ ገጣሚ ሆነ? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአክስቱ ልጅ ፋንታ የዳነው ሕፃን

ዱ ፉ የተወለደው በ712 ነው፤ ከሉኦያንግ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ዛሬ ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር። ዘመኑ የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግ ዙፋን ላይ ወጡ። አገሪቱ ሀብታም ነበረች። ዋና ከተማዋ ቻንግአን፣ የዛሬዋ ሺአን፣ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከመካከለኛው እስያ ነጋዴ፣ ከጃፓን ተማሪና መነኩሴ ይጎርፍባት ነበር።

ቤተሰቡ የባለሥልጣን ቤተሰብ ነው። አያቱ ዱ ሼንየን ስመ ጥር ገጣሚ ነበር። ዱ ፉም ግጥም ማለት የጀመረው ገና በ7 ዓመቱ እንደሆነ ራሱ ጽፏል።

እናቱ ልጅ እያለ ሞተችበት። አክስቱ ዘንድ አደገ። አንድ ቀን እሱና የአክስቱ ልጅ እኩል ታመሙ። አክስቱ ጨንቋት ጠንቋይ ጠየቀች። ጠንቋይዋም በቤቱ ደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚተኛው ነው የሚሻለው አለቻት። እዚያ ቦታ ላይ የተኛው ደግሞ የገዛ ልጇ ነበር። አክስቱ ልጇን አንሥታ ዱ ፉን በቦታው አስተኛችው። ዱ ፉ ዳነ፤ ልጇ ሞተ። ዱ ፉ ይህን የሰማው በኋላ ነው፣ ያውም ከቤት አገልጋዮች። አክስቱ ስትሞት የመቃብር ጽሑፏን የጻፈው እሱ ነበር፤ ነገሩንም እዚያው ላይ አሰፈረው።

የጠንቋይዋን ነገር እንተወው። ልጁ ግን ገና ከጅምሩ በሌላ ሰው ኪሳራ መዳን ምን እንደሆነ አውቆ ነው ያደገው። ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማንም ያላለፈበት ፈተና

በዚያ ዘመን አንድ የተማረ ቻይናዊ ሰው ሆነ የሚባለው የመንግሥት ሹመት ሲያገኝ ነው። ወደ ሹመት ከሚያደርሱት መንገዶች በጣም የሚከበረው ደግሞ ጂንሺ የሚባለው ፈተና ነበር። ከ100 ተፈታኝ የሚያልፈው 1 ወይም 2 ሰው ነው። ግጥም መግጠም ራሱ የፈተናው አካል ነበር። የገጣሚ ልጅ ልጅ የሆነው ዱ ፉ ያልፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜው ተፈተነ። ወደቀ።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አልከበደውም። አባቱ በሥራ ላይ ስለነበር ኪሱ አልተራቆተም። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና እየዞረ ፈረስ ጋለበ፣ አደነ፣ ተራራ ወጣ። በ744 ደግሞ ሉኦያንግ ውስጥ ከሊ ባይ ጋር ተገናኘ። ሊ ባይ በዘመኑ የግጥም ኮከብ ነው። ያኔ ከቤተ መንግሥት ገና መውጣቱ ነበር። ከዱ ፉ በ11 ዓመት ይበልጣል። አብረው ጠጡ፣ አብረው ዞሩ፣ ሰክረው በአንድ ብርድ ልብስ ተኙ። በ745 ተለያዩና ዳግመኛ አልተያዩም።

ዱ ፉ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሊ ባይ ሲጽፍ ኖረ። ከ10 በላይ ግጥም አለ። ሊ ባይ ተሰድዶ በነበረ ጊዜ በህልሙ እያየው ይጨነቅ ነበር። ከሊ ባይ በኩል ለዱ ፉ የተጻፉት ግጥሞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሲን ተደርጎ መልስ ማጣት የስልክ ዘመን ችግር ብቻ አይደለም ለካ!

ዱ ፉ ከዚያ ወደ ዋና ከተማዋ ቻንግአን ገባ። በ747 ንጉሠ ነገሥቱ በአንድም ነገር ቢሆን ተሰጥዖ ያለው ሁሉ መጥቶ ይፈተን ብለው ልዩ ፈተና አዘዙ። የዋና ሚኒስትርነቱን ሥልጣን የያዘው ሊ ሊንፉ ግን ከገጠር የሚመጡት አዳዲስ ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ገመናውን እንዳያወጡበት ፈራ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ሁሉንም ጣላቸው። አንድ ሰው እንኳ አላለፈም። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ቀርቦ ደስ ይበልዎት አለ፤ በአገሩ ውስጥ ያልተገኘና የተረሳ ምንም ሊቅ የለም ማለት ነው አላቸው።

ከወደቁት አንዱ ዱ ፉ ነበር። 35 ዓመቱ ነው።

ደጅ ጥናት

ከዚያ የመጣው ወደ 10 ዓመት ገደማ የፈጀ ደጅ ጥናት ነው። በትልልቅ ሰዎች በር ላይ ግጥም ይዞ መቆም፣ ማመስገን፣ መጠበቅ። ለዕለት ጉርሱ የመድኃኒት ቅጠል ይሸጥ ነበር። በዚህ መሃል አግብቷል፣ ወልዷል። የሚስቱ ቤተሰብ ስም ያንግ ነው፤ የራሷ ስም ግን ወደ እኛ አልደረሰም።

በ751 ስለ ቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሥነ ሥርዓቶች 3 ረጃጅም ጽሑፎች ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደዱለት። ቦታ እስኪገኝ ጠብቅ ተባለ። ጠበቀ። ጠበቀ። በ755 አንድ ወረዳ ውስጥ የጸጥታ ሹምነት ሰጡት። ለበላይ ጎንበስ ቀና እያሉ ድሀውን ማስጨነቅ ያለበት ሥራ ስለሆነ አልፈልግም አለ። በመጨረሻ የተሰጠው የአልጋ ወራሹ ጠባቂዎች መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ መዝገብና ቁልፍ መያዝ ነው። ተቀበለ። ዕድሜው 43 ደርሷል።

በ755 መጨረሻ ላይ ይህችን ሥራ ይዞ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ተነሣ። ዋና ከተማዋ ውስጥ እህል ስለተወደደ ሚስቱንና ልጆቹን ፌንግሺየን ወደምትባል ቦታ ልኳቸው ነበር። ክረምቱ ከባድ ነው። በሌሊት ወጣ። መንገዱ ሊሻን በሚባለው ተራራ ሥር ያልፋል። እዚያ ፍል ውሃ ያለበት ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሚወዷት ከያንግ ጉዌፌይ ጋር ክረምቱን የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ዱ ፉ በቅጥሩ ውጭ ሲያልፍ ሙዚቃው ይሰማል። ከቅጥሩ ውስጥ የተረፈ ምግብ፣ ከቅጥሩ ውጭ በብርድ የሞተ ሰው። ይህን ጎን ለጎን አስቀምጦ የጻፈውን ዛሬም የቻይና ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል።

ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ትንሹ ልጁ በረሃብ ሞቷል።

ሁሉ ነገር የተቀየረው እዚህ ጋ ነው

ያን ጉዞ የተረከበት ግጥም 500 የቻይንኛ ፊደል ነው። ሰው ልጁ ሞቶበት ሲጽፍ ስለ ልጁ ብቻ ቢጽፍ ማንም አይፈርድበትም። ዱ ፉም መጀመሪያ ራሱን ወቀሰ፤ አባት ሆኖ ልጁን ማብላት ባለመቻሉ አፈረ።

ከዚያ ግን ሌላ ነገር አሰበ። ዱ ፉ የባለሥልጣን ልጅ ስለሆነ ግብር አይከፍልም። ለጦርነትም አይመለመልም። ሕጉ ነው። እንግዲህ ግብር የማይነካው፣ ዘመቻ የማይነካው ሰው ቤት ውስጥ ልጅ በረሃብ ከሞተ፣ ያ ሁሉ የሚነካው ገበሬ ቤት ምን ይሆን? መሬቱን ያጣው ሰውስ? ድንበር ላይ የቀረው ወታደርስ?

በገዛ ሐዘኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ እኔ እኮ ከዕድለኞቹ ነኝ ብሎ አሰበ። የአክስቱ ልጅ የሞተበት ቦታ ላይ ተኝቶ የዳነው ሕፃን ነው ይህ። እኛ እንደሚመስለን ዱ ፉን ዱ ፉ ያደረገው ይህች ሐሳብ ናት። ከዚህ በኋላ ያሉት ትልልቅ ግጥሞቹ ውስጥ የራሱ ችግር ብቻውን አይመጣም፤ የጎረቤቱንና የመንገደኛውን ችግር ይዞ ይመጣል።

አገር ሲፈርስ

ዱ ፉ ያንን ሲጽፍ ሌላ ነገር ገና አልሰማም ነበር። አን ሉሻን የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ጦር አዛዥ በ755 መጨረሻ ላይ ዐምጾ ከ100,000 በላይ ሠራዊት ይዞ ወደ ዋና ከተማዋ እየገሰገሰ ነው። ይህ ሰው የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረ ነው።

በ756 ቻንግአን ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ሌሊት ወጥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሹ። ማዌይ በምትባል ቦታ የራሳቸው ወታደሮች ያንግ ጉዌፌይ ካልተገደለች አንንቀሳቀስም አሉ። ተገደለች። ልዑሉ ደግሞ ወደ ሰሜን ሄዶ ዙፋኑን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥት ሱዞንግ ተባሉ።

ጦርነቱ እስከ 763 ቆየ። ምን ያህል ከባድ እንደነበር በአንድ ቁጥር እንይ። ከጦርነቱ በፊት በ754 በመንግሥት መዝገብ ላይ የነበረው ሕዝብ ወደ 53 ሚሊዮን ይጠጋል። በ764 የተመዘገበው ወደ 17 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህ ማለት ልዩነቱ ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው ተሰድዷል፣ የመዝገቡ ሥርዓትም ፈርሷል። ግን መንግሥት የገዛ ሕዝቡን መቁጠር ያቃተው ጊዜ ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ዱ ፉ ቤተሰቡን ወደ ሰሜን ወስዶ አንድ መንደር ውስጥ አስቀመጠና አዲሱን ንጉሠ ነገሥት ፍለጋ ብቻውን ወጣ። ዐማጽያኑ መንገድ ላይ ያዙት። ወደ ቻንግአን ወሰዱት። ሥልጣኑ ትንሽ ስለነበረ ብዙም ከቁም ነገር አልቆጠሩት። በተያዘች ከተማ ውስጥ ሆኖ ሚስቱ ብቻዋን ጨረቃ ስታይ በዐይነ ሕሊናው እያየ ጻፈ። በዚያ ዘመን ገጣሚ ስለ ገዛ ሚስቱ እንዲህ በናፍቆት መጻፉ ብዙም የተለመደ አልነበረም።

በ757 አመለጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ በገመድ ጫማ ነው፤ የእጅጌው ክርን ተቀድዷል። ሱዞንግም ታማኝነቱን አይተው ሹመት ሰጡት። የሥራው ስም ሲተረጎም አስታዋሽ ማለት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሳሳቱ ማሳሰብ። ዱ ፉ ደግሞ ሥራውን የምር ወሰደው። ፋንግ ጓን የሚባል ሚኒስትር ከሥልጣን ሲወርድ ይህ ስሕተት ነው ብሎ ተከራከረ። ንጉሠ ነገሥቱ በጣም ተቆጡ። ዱ ፉ ለምርመራ ቀረበ፤ ሌላ ሚኒስትር ተናግሮለት ነው የተረፈው። ከዚያ ቤተሰብህን ጠይቅ ተብሎ በፈቃድ ስም ተሸኘ።

ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ ጫማ የላቸውም፤ የለበሱት ደግሞ ከአሮጌ ልብስ የተጣጣፈ ነው። ለሚስቱ ትንሽ መኳኳያ ይዞላት መጥቶ ነበር። ሴቶቹ ልጆቹ እናታቸውን አይተው ፊታቸውን ሁሉ ቀቡ፣ ቅንድባቸውን አግዝፈው ሳሉ። ዱ ፉ ይህንንም ጻፈው። አገር እየነደደ ስለ ልጆች ቅንድብ መጻፍ ከእሱ በፊት ለትልቅ ግጥም የሚመጥን ነገር አይመስልም ነበር።

በ758 ከዋና ከተማዋ አስወጡትና ሁዋጆው ወደምትባል ከተማ በትንሽ ሹመት ላኩት።

የሺሃኦ ሌሊት

በ759 የመንግሥቱ ጦር በዐማጽያኑ ክፉኛ ተመታ። መንግሥት ወታደር አጥሮታል፤ ያገኘውን ሁሉ ያፍሳል። በዚያ ሰሞን ዱ ፉ ከሉኦያንግ ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ ሺሃኦ በምትባል መንደር አንድ ቤት አደረ።

ሌሊት ላይ መልማይ መጣ። የቤቱ ሽማግሌ አጥር ዘሎ አመለጠ። አሮጊቷ በሩን ከፈተች። መልማዩ ይጮኻል፤ አሮጊቷ ታለቅሳለች። ሦስት ወንዶች ልጆች ሰጥተናል ትላለች። ሁለቱ በቅርቡ ጦርነት ላይ ሞተዋል፤ መርዶው የደረሰው ከሦስተኛው ነው። ቤት ውስጥ የቀረው ጡት የሚጠባ የልጅ ልጅና እናቱ ብቻ ናቸው፤ እናቱም ወጥታ የምትታይበት ደህና ልብስ የላትም። በመጨረሻ አሮጊቷ ራሷን አቀረበች፤ ጉልበት ባይኖረኝም ለጦሩ ቁርስ አበስላለሁ አለች። ሌሊቱ እየገፋ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ዱ ፉ ጠዋት ሲነሣ የተሰናበተው ሽማግሌውን ብቻ ነው።

ግጥሙ በቃ እዚህ ላይ ያልቃል። ዱ ፉ አንድም ፍርድ አልጨመረም። ይህ ግፍ ነው አላለም። አዘንኩም አላለም።

እዚህ ጋ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ እኛም መዝለል አልፈለግንም። ዱ ፉ እኮ ያን ሌሊት ተራ መንገደኛ አይደለም፤ የዚያው መንግሥት ሹም ነው። ወጥቶ ለምን አንድ ቃል አልተናገረም? መልማዩ የሚያፍሰው ጦር ዐማጽያኑን የሚዋጋው ጦር ነው፤ ዱ ፉ ራሱ እንዲያሸንፍ የሚመኘው። በዚያው ሰሞን በጻፈው ሌላ ግጥም ውስጥ ደግሞ ለሚዘምቱ ልጆች አዛዣችሁ እንደ አባት ይሆናችኋል እያለ ያጽናናል። ጦርነቱ መሸነፍ የለበትም ብሎ ያምናል፤ አሮጊቷ መወሰዷንም ያያል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መልስ አልነበረውም። አለኝ ብሎም አላስመሰለም። የሰማውን እንዳለ አስቀመጠው፤ የመንደሩን ስም ጭምር።

በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ።

የሣር ጣሪያ

ከዚያ ወዲህ ስደት ነው። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። ቶንጉ በምትባል ቦታ ክረምት ያዛቸው፤ በረዶ ውስጥ የዱር ሥራሥር ሲቆፍር ውሎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በ759 መጨረሻ ተራራውን ሁሉ አቆራርጠው ቼንግዱ ደረሱ።

ቼንግዱ ውስጥ በወዳጆች እርዳታ ከአንድ ወንዝ ዳር የሣር ቤት ሠራ። አንዱን የኮክ ችግኝ፣ ሌላውን ቀርከሃ፣ ሌላውን የሸክላ ሳህን በግጥም እየጻፈ ለመነ። ሚስቱ ወረቀት ላይ ገበጣ መሰል መጫወቻ ሠራች። ትንሹ ልጁ መርፌ አጥፎ መንጠቆ አወጣ። በሕይወቱ ሰላም ካየባቸው ጥቂት ዓመታት እነዚህ ናቸው።

በ761 ማዕበል የቤቱን ክዳን ገፈፈው። የሰፈር ልጆች የወደቀውን ሣር ተሸክመው ሮጡ፤ እሱ እየጮኸ አልደረሰባቸውም። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድባቸው አደረ። ያን ሌሊት ያሰበው ግን ስለ ራሱ ጣሪያ ብቻ አይደለም። የዓለምን ድሀ ምሁራን ሁሉ የሚያስጠልል ሺህ በሺህ ክፍል ያለው ቤት ቢኖር፣ የእኔ ብቻ ፈርሶ በብርድ ብሞትም ግድ የለኝም ብሎ ተመኘ።

ይህን ግጥም ሁሉም በአንድ ዓይን አላየውም። በ1971 ጓ ሞሩኦ የሚባለው ታዋቂ ቻይናዊ ጸሐፊ ዱ ፉን የባለርስት መደብ ሰው ነው ብሎ ተቸው። ለምሁራን ብቻ ነው የተመኘው፣ የድሀ ልጆችን ሌባ ብሏቸዋል አለ። ጊዜው የባህል አብዮት ጊዜ ነበር። ሣሩን የወሰዱት ልጆችም ብርድ ሊበርዳቸው እንደሚችል ማስታወሱ ግን መጥፎ አይደለም።

ዱ ፉ ራሱም ከዚህ ትምህርት ያገኘ ይመስላል። በ765 የሚረዳው ወዳጁ፣ አገረ ገዢው ያን ዉ ሲሞት ቼንግዱን ለቆ በያንግትዜ ወንዝ ወረደ። ከ766 እስከ 768 ኩዌይጆው ተቀመጠ። እዚያ ሳለ አንድ ቤቱን ለዘመዱ ለቀቀለት። የቤቱ ደጃፍ ላይ ከእኛ ቁርቁራ ጋር የሚዛመድ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ አለ። ጎረቤት ያለች ልጅም ዘመድም የሌላት መበለት እየመጣች ፍሬውን ታራግፍ ነበር። ዱ ፉ ዝም ይላት ነበር። ዘመድየው ግን እንደገባ አጥር አጠረ። ዱ ፉ ለዘመዱ በግጥም ደብዳቤ ጻፈለት፤ ችግር ባያስገድዳት አትመጣም፣ አጥሩ ደግሞ ያሳፍራታል፣ አንተ ቀርበህ አናግራት ብሎ መከረው።

በኩዌይጆው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ400 በላይ ግጥም ጻፈ። የግራ ጆሮው አይሰማም። ጥርሱ ግማሹ ረግፏል። ሳንባውንም ያመዋል፤ ዛሬ የስኳር በሽታ የሚመስል ሕመምም ነበረበት። እጅግ ረቂቅ የሚባሉ ግጥሞቹ የተጻፉት በዚህ ሁኔታ ነው።

የመጨረሻው ጀልባ

በ768 ወደ ትውልድ አገሩ ልመለስ ብሎ በጀልባ ተነሣ። አልሆነም። በየወንዙ ዳር ብጥብጥ አለ። በ770 ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ለ5 ቀን ምግብ አጣ። የአካባቢው ሹም የበሬ ሥጋና መጠጥ ላከለት፤ እሱም በግጥም አመሰገነ። በኋላ ሰዎች ያን ሥጋ ከልክ በላይ በልቶ ሞተ የሚል አፈ ታሪክ ፈጠሩ። እውነቱ ግን ከዚያ በኋላም ኖሯል፣ ጽፏልም። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ዛሬ ሁናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በጀልባ ጉዞ ላይ ሞተ። 58 ዓመቱ ነበር።

አስከሬኑን ወደ አገሩ የሚያደርስ ገንዘብ ቤተሰቡ አልነበረውም። ልጁ ሳይችል ቀረ። በ813፣ ከ43 ዓመት በኋላ፣ የልጅ ልጁ ዱ ሲዬ አፅሙን ተሸክሞ ወደ ትውልድ አገሩ ተነሣ። መንገድ ላይ ዩዋን ጀን የተባለውን ስመ ጥር ገጣሚ የመቃብር ጽሑፍ እንዲጽፍለት ለመነው። ዩዋን ጀንም ግጥም ከተጀመረ ጀምሮ እንደ ዱ ፉ ያለ አልተነሣም ብሎ ጻፈ።

ዱ ፉ በሕይወት እያለ ተዘጋጅተው እስከ እኛ ዘመን የደረሱት የግጥም መድበሎች ውስጥ የእሱ ግጥም የለም። አንድም። ስሙ የገነነው ቀስ በቀስ ነው። በ1039 ዋንግ ጁ የተባለ ሊቅ የተበታተነውን ለቅሞ 1,405 ግጥሞች አሰባሰበ። በ1200ዎቹ መጨረሻ ሞንጎሎች ቻይናን ሲይዙ አልገዛም ያለው ሚኒስትር ዌን ቲየንሺያንግ እስር ቤት ውስጥ የዱ ፉን ስንኞች ብቻ እየገጣጠመ 200 ግጥም ሠራ። እኔ ልል የምፈልገውን ሁሉ እሱ አስቀድሞ ብሎታል የሚል ስሜት ነበረው። በኋላ ተገደለ። በ2016 ደግሞ ስቲቨን ኦወን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር የዱ ፉን ግጥሞች በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ6 ጥራዝ አሳተመ። ቼንግዱ ውስጥ የሣር ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ጎብኚ አያጣውም።

እና ምን እንላለን?

ፈተና የወደቃችሁ ሁሉ አይዟችሁ፣ አንድ ቀን ዝነኛ ትሆናላችሁ ልንል አይደለም። ዱ ፉ ዝናውን አላየውም። ልጁም አልተመለሰለትም። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሞቲቬሽን ፖስት ማድረግ ሰውየውን መበደል ነው።

እኛን የገረመን ሌላ ነገር ነው። ዱ ፉ ትልቅ ሹም ሆኖ አገር ማዳን ነበር የሚፈልገው። አልተሳካለትም። ግጥሙን ያተለቀው ግን ያልተሳካበት ሕይወት ነው፤ ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ ሺሃኦ ውስጥ የድሀ ቤት ወለል ላይ አያድርም ነበር። አሮጊቷ ሁለት ልጆቿን አጥታ፣ ራሷንም ለጦር ወጥ ቤት ሰጥታ በሌሊት ሄደች። ስሟን የጻፈ መዝገብ የለም። ተመልሳ ትምጣ አትምጣ የሚያውቅ የለም። ግን ከ1,260 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ እናንተ በስልካችሁ ስለ እሷ እያነበባችሁ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሥራ ያልቀናው ሰው ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው አዳመጠ፣ ጠዋትም አልረሳም።

ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የምናየው ብዙ ነው፤ የምንጽፈውም እንዲሁ። እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩን፦ እናንተ ያያችሁት፣ ማንም ያልጻፈው፣ መረሳት የለበትም የምትሉት ሰው ማን ነው?